አባባ የነዱት መንገድ

እህትየው ከችሎቱ ክፍል ውጭ፣ ቀለሙ በተላላጠ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ወገቧን በእጇ ደግፋለች። አባቷ አልጋ ላይ ከዋሉ ወዲህ ወገብ አለኝ ማለት ትታለች። ታናሽ ወንድሟ አጠገቧ ተቀመጠ፣ ተነሳ፣ ደግሞ ተቀመጠ። ሦስት የጭነት መኪኖች ያሉት ሰው ነው። ሹፌሮቹ ከጀርባው «ቶሎ ቶሎ» ይሉታል፤ ቀብር ላይ እንኳ ቆሞ ሰዓቱን የሚያይ ዓይነት ነው።

«እትዬ፣ በሞቴ፣ አንዲት ቃል ብቻ ናት» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ያን ክረምት አባባ ደህና ነበሩ፣ ይነዱ ነበር፣ የታመሙት ከዚያ በኋላ ነው በያቸው። አለቀ።»

«ባልልስ?»

«የማጓጓዣ ፈቃዴን ነጠቁኝ ማለት ነዋ! መኪኖቹ ቆሙ፣ እኔም ቆምኩ። የአባባን መድኃኒት ማን ይገዛል? አንቺንስ ማን ይጦራል?»

«ባልልስ?» ማለቷ ውሸቱ ከብዷት አይደለም። አባቷን «ነገ ይሻልዎታል» እያለች ስትዋሽ ስንት ዘመኗ፤ አንድ ቢጨመር ምን ይለዋል ብላ ነው አባቷን ለጎረቤት አደራ ሰጥታ የመጣችው። ቶሎ ብሎ ያልቅና ወደ ቤቷ ትመለሳለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጭነት መኪና ውስጥ የመንዳት ሰዓት የሚመዘግብ መሣሪያ አለ። ሹፌሩ የራሱን ካርድ ከቶበት ይነዳል፤ ሰዓቱ ሲሞላ ቆሞ ማረፍ ግዴታው ነው። ቶሎ ቶሎ ግን ከዕረፍት ጋር አይተዋወቅም። የራሱ ሰዓት ሲሞላ ካርዱን አውጥቶ የአባቱን ይከታል። መሣሪያው የዋህ ነው፣ ሹፌር የተቀየረ ይመስለዋል። አባባ ዕድሜያቸውን በሹፌርነት የጨረሱ ሰው ስለሆኑ ስማቸውን አይቶ የጠረጠረ አልነበረም። በዚያ ክረምት አንድ ቀን ግን ልጅየው መሪው ላይ አሸለበውና መኪናው ቦይ ውስጥ ገባ። ከመኪናው የወጣው ልጅ፣ ከመሣሪያው የወጣው ደግሞ የአባት ካርድ ሆነ።

ተጠሩና ገቡ። ክፍሉ ጠባብ ነው፣ አየር የለውም። በሁለት ባልደረቦቿ መሐል የተቀመጠችው የችሎቱ ሰብሳቢ ጠና ያለች ሴት ናት፤ እሷም ቢሆን እንቅልፍ ያማራት ትመስላለች።

ወንድምየው ዓይኑን በጨው ታጥቦ ጀመረ። «የዚያን ቀን የአባቴ ካርድ የገባው በስህተት ነው። በሌላው ጊዜ ሁሉ የነዱት ራሳቸው ናቸው። አባቴ ብርቱ ሰው ናቸው! ያን ዳገት፣ ያን ቁልቁለት! እንዲያውም እኔ ስደክም እሳቸው ናቸው የሚያሳርፉኝ።»

እህትየው መጀመሪያ ሳቋ መጣ። ብርቱ ሰው! ማንኪያ መያዝ ያቃታቸው አባባ! ሰብሳቢዋ ከመሣሪያው መዝገብ አባባ የሄዱበትን መንገድ ማንበብ ስትጀምር ግን ሳቁ ጠፋባት። አባባ ከወደቡ ጭነው እህል መጋዘን አራገፉ። አባባ ሲነዱ አድረው ሲሚንቶ አደረሱ። ግድግዳው ላይ በትልቁ የካርዱ ፎቶግራፍ ታየ፤ ጢማቸው ተላጭቷል፣ ፀጉራቸው ተበጥሯል፣ ከኋላቸው ነጭ ነው።

ያን ነጭ ነገር አወቀችው። የእሷ አንሶላ ነው። ወንድሟ ስልኩን ይዞ መጥቶ «ለጡረታቸው ነው» ብሏት፣ የላጨችውም ያበጠረችውም እሷ ናት። አባባ ተቀምጠው መቆየት ስላልቻሉ አንሶላውን ከኋላቸው ዘርግታ፣ ከአንሶላው ጀርባ ተንበርክካ በብብታቸው ይዛ አቅንታቸዋለች። እዚያ ፎቶ ውስጥ እሷም አለች። የሚያያት ሰው ግን የለም።

«አባትዎ በዚያ ክረምት ይነዱ ነበር?» አለች ሰብሳቢዋ።

«አዎ» ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። እንቢ አላት።

«አባባ የትም አልሄዱም» አለች። «ያን ክረምት ከአልጋ አልወረዱም። ጀርባቸው እንዳይቆስል ሌሊቱን ሙሉ የማገላብጣቸው እኔ ነኝ። አባባ ሲነዱ አደሩ ካላችሁ፣ እኔ ማንን ሳገላብጥ ነው ያደርኩት?»

የወንድሟ ፊት አመድ መሰለ። ሰብሳቢዋ መነጽሯን አውልቃ ዓይኖቿን አሸት አሸት አደረገች፤ ከሁለቱ ባልደረቦቿ ጋር ስትንሾካሾክ ቆየችና ወደ ወንድምየው ዞረች።

«የደከመ ሰው ይሳሳታል ብለን ልናዝንልዎ እንችል ነበር። እዚህ ፊታችን ቆመው የዋሹን ሰው ግን መንገድ ላይ አናምንዎትም» አለችው። ፈቃዱን ነጠቁት።

በአውቶቡስ ሲመለሱ ሰዓቱን ደጋግሞ አየ። «ገደልሽን፣ እትዬ» አላት በመጨረሻ። «አሁን እኔ ምን ልሠራ ነው?»

የነገው መድኃኒት ከየት እንደሚመጣ አታውቅም፤ ፈርታለች። ድካሟ ግን ከፍርሃቷ በለጠ። መስኮቱን ተደግፋ ዓይኗን ጨፈነች።

ቤት ሲደርሱ ጎረቤቷን አመስግና ሸኘች። አባባ በአንድ ጎናቸው እንደተኙ ግድግዳ ግድግዳውን ያያሉ። ወንድምየው በሩ ላይ ቆሞ መግቢያ የጠፋው እንግዳ መሰለ።

«ኮትህን አውልቅ» አለችው። «ሥራ ምን ልሥራ አላልክም? የሚገላበጡበት ሰዓት ደርሷል።»

«እኔ? በየት በኩል ነው የሚያዙት?»

«በብብታቸው ግባ። ቀስ ብለህ።»

ጎንበስ ብሎ ያዛቸው። አባባ አቃሰቱ። ሊያነሳ ሞከረ፣ ላብ ግንባሩ ላይ ችፍ አለ። «ይከብዳሉኮ፣ እትዬ!» አለ፤ ድምፁ የልጅ ድምፅ ሆነ።

«አውቃለሁ» አለችና ወደ ጓዳ አለፈች። ጫማዋን ሳታወልቅ ጋደም አለች። ገና ቀን ነው፣ ፀሐዩ መጋረጃው ላይ አለ። ወንድሟ «አሁንስ ወዴት ላዙራቸው?» እያለ ሲጣራ አልሰማችም፤ ተኝታለች።