ከመጽሐፍ ያልተገኘ ፍሪዝኛ

ምራቴ ግራሳ ከፖርቱጋል ስትመጣ የአገሩን ሆላንድኛም የእኛን የመንደሩን ቋንቋ ፍሪዝኛንም አታውቅም ነበር። ሆላንድኛውን ማዘጋጃ ቤቱ አስተማራት። መጽሐፉ፣ መምህሩ፣ ፈተናው፣ ሁሉም ተሟልቶ ነበር። በሁለት ዓመት አለፈች። እኛም ኬክ ቆርሰን "ጎበዝ!" አልናት፤ በሆላንድኛ።

"አሁን ደግሞ ፍሪዝኛውን" አለች።

ባሏ፣ ልጄ ሂልከ፣ ሳቀባት። "ምን ያደርግልሻል? ሁላችንም ሆላንድኛ እንችል የለ!"

"አንተ ላሞቹን በምንድን ነው የምታናግራቸው?"

"በፍሪዝኛ ነዋ።"

"እንግዲህ ላሞቹ ከእኔ ይበልጣሉ ማለት ነው።"

የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ነበር። አንድ ቀን ድንች ስንልጥ "ልጄ ተወልዶ ከእናንተ ጋር ሲስቅ እኔ በገዛ ቤቴ እንግዳ ሆኜ ልቀመጥ ነው?" አለችኝ። እኔም የማይረባ መልስ ሰጠኋት፤ እሱንም በሆላንድኛ።

እልኸኛ ናት፤ በዚህስ እኛን ትመስላለች። ሌዋርደን ከተማ ድረስ ሄዳ ከቤተ መጻሕፍት መዝገበ ቃላት ተዋሰች። ኢንተርኔት ላይ በነፃ የሚሰጥ ትምህርት አገኘች። ሬዲዮው ከጓዳ ጠፍቶ አያውቅም። ከመንደሩ አዳራሽ ደግሞ በየበጋው በፍሪዝኛ ስንሠራቸው የኖርናቸውን ቲያትሮች ጽሑፍ አንድ ካርቶን ሙሉ ተሸክማ መጣች፤ አማትና ምራት የሚሞላለጩበትን ሁሉ ሳይቀር።

ጉድለቱ የእኛ ነበር። እኛ ዘንድ ሆላንድኛ የክት ልብስ ነው፤ ለሐኪም፣ ለእንግዳ፣ ለማናውቀው ሰው የምንለብሰው። ግራሳ በበር ብቅ ስትል ምላሳችን ራሱ ይገለበጣል። እሷ በፍሪዝኛ "እንዴት አደራችሁ?" ትላለች፤ እኛ በሆላንድኛ "ደህና፣ ሻይ ልቅዳልሽ?" እንላለን። ዳቦ ጋጋሪውም እንደዚያው፣ የእንስሳት ሐኪሙም እንደዚያው። ክፋት አልነበረውም፤ ማክበራችን ነው ብዬ ነበር የማስበው። እሷ ግን ላም አለኝ በሰማይ ሆነባት። መጽሐፉ ሞልቶ የሚመልስላት ሰው አጣች።

ነሐሴ ውስጥ፣ አንድ ረፋድ ላይ፣ ከቤት ስወጣ አሥራ አራቱም ጊደሮች የጎረቤታችን የሲትሰ ጎመን ውስጥ ገብተዋል። የግጦሹ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ግራሳ ቦት ጫማዋን አጥልቃ ጊደሮቹን ለመመለስ ትሮጣለች፤ በዚያ ሆዷ። ደሜ ፈላ።

"አንቺ! እናንተ አገር በር አይዘጋም? ዓይንሽን የት ጥለሽው ነው? ያን ሁሉ መጽሐፍ ስታገላብጪ በር ዝጊ የሚል አላገኘሽበትም?"

ቆመች። ፊቷ ቀላ።

"እኔ ዛሬ በዚያ በር አላለፍኩም! ባልዲ ይዘው የወጡት እርስዎ ነዎት፣ ሜም! ራስዎ ከፍተው ትተውት እኔ ላይ ይጮሃሉ? እርስዎ የሻገተ አይብ!"

ሜም ማለት እናት ነው። እስከዚያ ቀን ፉክየ እያለች በስሜ ነበር የምትጠራኝ። የሻገተ አይብ የሚለውን ስድብ ደግሞ እናቴ ከሞተች ወዲህ ሰምቼው አላውቅም፤ ከቲያትሮቹ ነው ያገኘችው። በንዴት ጦፌ ስለነበር ግን ሁለቱንም ልብ አላልኳቸውም።

"እኔ ነኝ አይብ?"

"የሻገተ!"

"ምላስሽ ረዝሟል!"

"ታዲያ ከእርስዎ የተማርኩት መሰለዎት? እርስዎ መቼ አናግረውኝ ያውቃሉ!"

ባሌ ኡበለ ዱላውን ተደግፎ ያየን ነበር። "እናንተ ሴቶች" አለ ቀስ ብሎ፣ "በፍሪዝኛ እኮ ነው የምትጣሉት።"

ግራሳ መጀመሪያ ሳቀች፤ ከዚያ እንባዋ ወረደ። "አያቁሙ፣ ሜም" አለችኝ። "ይሳደቡ።"

አፈርኩ። በየማለዳው ኡበለን እቆጣለሁ፣ ሂልከን እቆጣለሁ፣ ውሻውንም አልምረውም። እሷን ግን በሦስት ዓመት አንድ ቀን ተቆጥቻት አላውቅም። የቤቴን ልጅ ሦስት ዓመት ሙሉ ሳሎን አስቀምጬ ኖሬያለሁ።

ዞሬ በሩን አየሁት። ባልዲዬ የበሩ ምሰሶ ሥር ተቀምጧል፣ ጠዋት ያስቀመጥኩበት።

ይቅርታን በሆላንድኛ ስንት ጊዜ ብዬዋለሁ፤ ለፖስተኛውም፣ ለሐኪሙም። ምንም አይከብድም። በፍሪዝኛ ግን ለሰው ይቅርታ ብዬ አላውቅም። አሁን በጥርሴ መሃል፣ ጫማዬን እያየሁ፣ አልኩት።

"አልሰማሁም፣ ሜም" አለች ግራሳ። "ምን አሉ?"

"እንድትደግመው አድርጊያት፣ ልጄ" አለ ኡበለ፤ እሱም በፍሪዝኛ። "እኔ አርባ አንድ ዓመት ጠብቄ ዛሬ ገና መስማቴ ነው።"

ደገምኩት። ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ለሁለቱም። እስክጨርስ ጊደሮቹ የሲትሰን ጎመን ጨርሰውት ነበር።