አሥራ ስድስተኛው ቀን

ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ቤት ውስጥ የነበሩት የአምስት ወሩ ሕፃን፣ ሴት አያቱና አጎቱ ናቸው። አጎቱ የሁለተኛ ዓመት የፊዚክስ ተማሪ ነው። በሩ ተንኳኳ። ሲከፍተው እህቱ፣ የሕፃኑ እናት፣ ሻንጣዋን አንጠልጥላ ቆማለች። ፊቷ በደስታ በርቷል።

«አሥራ ስድስት ቀኔ ሞላ! ልጄን አምጡልኝ!»

 ሐኪሞች ለእንቅርቷ ሕመም ራዲዮአክቲቭ አዮዲን የሚባል ጨረር አፍላቂ መድኃኒት አስውጠዋት፣ ጨረሩ ሕፃኑን እንዳይጎዳው ጓደኛዋ ቤት ከርማለች። በስልክ «በስምንት ቀን ግማሹ ይጠፋል» ያላት እሱ ራሱ ነው።

በሩን በእግሩ ገታ አደረገው። «እትዬ፣ እዚያው ቁሚ።»

«ምን ሆንክ? በስምንት ቀን ግማሹ፣ በስምንት ቀን ግማሹ። አለቀ!»

«አላለቀም። ሩቡ አለ።»

«እኔ የማውቀው ግማሽና ግማሽ አንድ መሆኑን ነው» አሉ እናቱ፣ የሕፃኑ አያት፣ ከውስጥ፣ ሕፃኑን እያባበሉ። «ፕሮፌሰሩ፣ ሩቡን ደግሞ ከየት አመጣኸው?»

 ፈተና ላይ እንኳ እንዲህ ፈርቶ አያውቅም።

«እማዬ፣ አቶም እንደ ሰው አያረጅም። የዚህ አዮዲን አቶም ውስጡ ጠበቅ ብሎ አልታሰረም። ወደ ሌላ አቶም ሲለወጥ ይበልጥ ይታሰራል፤ የተረፈው ጉልበት ጨረር ሆኖ ይወጣል። ግን የትኛው መቼ እንደሚለወጥ አይታወቅም። ስምንት ቀን ሳይለወጥ የቆየውም ልክ ዛሬ እንደተዋጠ ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው ስምንት ቀን የሚሄደው ከተረፈው ላይ ግማሹ ብቻ ነው።»

ሕፃኑ የእናቱን ድምፅ ሰምቶ ማልቀስ ጀመረ። እሷም ሁለት እጆቿን ዘረጋች። አብዛኛው መድኃኒት በሽንት ወጥቶላት ሊሆን ይችላል ሲል አሰበ፤ ምናልባት በከንቱ እየከለከላት ይሆናል። አያውቅም። አለማወቁ ደግሞ ይበልጥ አስፈራው።

«ሐኪሞቹ ስንት ቀን አሉሽ?»

 ከሻንጣዋ ኪስ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አውጥታ በሩቁ አሳየችው። ሃያ አንድ ቀን ይላል።

«ያንተ ቁጥር አጠር ሲልልኝ ጊዜ...» አለች።

«ጥፋቱ የኔ ነው እትዬ። አስረድቼ መጨረስ ነበረብኝ።»

አያትየዋ ከክፍሉ ጥግ፣ መስኮቱ ዘንድ ሆነው ሕፃኑን ከፍ አድርገው አሳዩዋት። በወንድሟ ትከሻ ላይ አሻግራ ቆማ አየችው። ከዚያ ሻንጣዋን አንስታ ደረጃውን ወረደች።

ሐኪሞቹ በወሰኑት በሃያ አንደኛው ቀን ተመልሳ መጣች። ልጇን አቀፈችው። ትንሽ አለቀሰባትና ዝም አለ።