ከበሶብላው የተረፈ ውሃ

ኒጆራ የናሱን ማንቆርቆሪያ ከነአማቷ እጅ ያዘችው። አልነጠቀችም፤ ግን አልለቀቀችምም። ሁለቱ ሴቶች በረንዳው ጫፍ ላይ አንድ ማንቆርቆሪያ ለሁለት ይዘው ቆሙ።

"ልቀቂ" አሉ አማቷ ፕሮቢና።

"አልለቅም፣ እማማ። አበባው ዛሬ ውሃ አይጠጣም።"

"ለልጄ የማጠጣውን አንቺ ልትከለክይኝ?"

"በሶብላውን ያጠጡ፤ ማን ከለከለዎት? ይሄን ግን ከእንግዲህ አይሆንም።"

ፕሮቢና በየማለዳው ገላቸውን ታጥበው፣ ግቢው መሀል መደብ ተሠርቶለት ለተተከለው የተቀደሰ በሶብላ ውሃ ያፈሳሉ። ይህን የማታደርግ እመቤት በመንደሩ የለችም። ልጃቸው ዲጎንቶ ከሞተ ወዲህ ግን ከበሶብላው የተረፈውን ውሃ ይዘው ወደ በረንዳው ይመጡና እሱ ባመጣው ኮፖ ላይ ያንቆረቁሩታል። "ጠጣ፣ ልጄ" ይላሉ። ዝናብ ይዝነብ፣ ብርድ ይሁን፣ አንድም ማለዳ አስታጉለው አያውቁም።

ኮፖው የቢሁ በዓል ሲደርስ እንደ ቀበሮ ጭራ የሚንዠረገግ አበባ የሚያወጣ ኦርኪድ ነው፤ ሴቶች ለበዓሉ ጭፈራ ጸጉራቸው ላይ ይሰኩታል። ዲጎንቶ በሠርጋቸው ዓመት ማዕበል ከገነደሰው ዛፍ ላይ ነቅሎ አምጥቶ በከሰልና በኮኮናት ቃጫ በተሞላ ሸክላ ውስጥ አስቀመጠው። የመጀመሪያ አበባውን ኒጆራ ጸጉሯ ላይ ሰክታ እግሯ እስኪዝል ጨፍራበታለች። እሱ ካረፈ በኋላ ግን ቢሁ መጣ፣ ሄደ፤ ኮፖው አላበበም።

የመንደሩ ሰው ምክንያት አላጣም። የዲጎንቶ አክስት ሬቦቲ "መበለት የነካችው አበባ ደግሞ መች ያብባል?" ብለው የጣሏት ቃል ከቤት ቤት ዞራ ኒጆራ ጆሮ ደረሰች። ኒጆራ ሆድ ይፍጀው ብላ ሽመናዋን ቀጠለች። ኮፖው ለምን እንደማያብብ ሳታውቅ ቀርታ አይደለም። የሞተ ልጇን ውሃ የምታጠጣን እናት እጅ መያዝ ለማን ይቀላል?

ትናንት ግን ፕሮቢና ከቅጠሎቹ መሀል ብቅ ያለች አረንጓዴ ጫፍ አዩ። አለቀሱ፤ በሶብላው ፊት ተንበረከኩ፤ ከዚያም ወደ ሬቦቲ ስልክ ደወሉ። ሬቦቲ መልሳቸው ዝግጁ ነበር። አበባው እስኪፈካ እሳቸው ቤት፣ ባሏ በሕይወት ያለ ሴት እጅ ላይ ይቆይ፤ በማግስቱ በመኪና መጥተው ይወስዱታል። በዚያውም የኒጆራን ጉዳይ ይጨርሳሉ። የኒጆራ ጉዳይ የሚሉት፣ እሷ ቴዝፑር ከተማ ወንድሟ ቤት ገብታ የሬቦቲ ልጅ ሚስቱን ይዞ እዚህ አሮጊቷ ዘንድ እንዲገባ ነው። "ገና ልጅ ናት፣ ለምን ትታሰራለች?" ይላሉ፣ ለእሷ አዝነው።

ኒጆራ ማለዳ ተነስታ ያቺን ጫፍ በጣቷ ዳሰሰቻት። ሸክላውን ብድግ ስታደርገው ድንጋይ የታጨቀበት ያህል ከበዳት፤ የሻገተ ነገርም ሸተታት። ማንቆርቆሪያውን የያዘችው ከዚያ በኋላ ነው።

"አበባ ሊወጣ ሲል እኮ ነው አብልጦ የሚጠማው" አሉ ፕሮቢና።

"አበባ አይደለም፣ እማማ።"

"ምን አልሽ?"

"ሥር ነው። የአበባ ሲሆን ጫፉ ጠፍጠፍ ይላል፤ ቅርፊትም አለው። ይሄ ክብ ነው፣ ልስልስ። ይዳስሱት።"

ፕሮቢና አልዳሰሱም። ማንቆርቆሪያውን ለቀቁት፤ ውሃው ኒጆራ እግር ላይ ፈሰሰ።

"ሬቦቲ እውነቷን ነው። እንዲያብብ አትፈልጊም አንቺ።"

ኒጆራን ይህ አንጀቷ ድረስ ዘለቃት። ሸክላውን አውርዳ ግቢው ውስጥ ወዳለው የማንጎ ዛፍ ሥር ወሰደችና ዘቅዝቃ በእርጋታ ነቀነቀችው። ቃጫው ጠቁሮ፣ ጭቃ ሆኖ ወጣ። ሥሮቹ ቡናማ ሆነዋል፤ ሳብ ስታደርጋቸው ልጣቸው እየሾለከ እጇ ላይ ቀረ፤ ውስጣቸው ክር ብቻ ነበር። ፕሮቢና ከኋላዋ መጥተው ቆመዋል።

"ይሄ ሁሉ በስብሷል?"

"ከዚህችው ከአዲሷ በቀር።"

"ቅጠሉ ተጨማዶ ነበር እኮ። ጠማው ብዬ ጨመርኩለት።"

"ጠምቶትም ነበር። የበሰበሰ ሥር ውሃ አይስብም፤ ውሃ ውስጥ ቆሞ ነው የተጠማው። በሶብላ የመሬት ልጅ ነው፣ በየቀኑ ቢያጠጡት ደስ ይለዋል። ይሄ ግን ሥሩን ነፋስ ካላገኘው ይታፈናል። ጠጥቶ መድረቅ አለበት። ሥሩ አመድ ሲመስል ነው ውሃ የሚፈልገው፤ አረንጓዴ ከሆነ ጠግቧል ማለት ነው።"

"እኔ ነኝ የገደልኩት በያ።"

ኒጆራ መቀሷን አነሳች። አይደለም ብትል የሚቀልላቸው መሰላት። ግን እሳቸው ነገ ማለዳም ማንቆርቆሪያውን ይዘው ይመጣሉ፤ አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ነው።

"ውሃው ነው፣ እማማ። ያጠጡትም እርስዎ ነዎት። ገና ግን አልሞተም።"

ፕሮቢና አጎንብሰው ከበሰበሱት ሥሮች አንዱን አነሱና በጣታቸው መሀል አሹት። ከዚያ ወደ ቤት ገቡ፤ በሩ ተዘጋ።

ኒጆራ የሞተውን ሥር ቆርጣ ጣለች። ቅጠሎቹን በጨርቅ አደረቀች፤ ውሃ ከቅጠል መሀል ካደረ እምብርቱን ያበሰብሳልና። አዲሷ ሥር ከሸክላው ሸሽታ ወደ ውጭ ነበር የወጣችው፤ ወደ አየሩ። ሌላ ሸክላ ነበራት፤ ደረቅ ከሰልም ነበራት። ሸክላ ግን በመኪና ይጫናል። ቀና ብላ ማንጎውን አየች። ዲጎንቶ ራሱ ከመጀመሪያው እዚህ ላይ ሊያስረው ፈልጎ ነበር፤ እናቱ ከበረንዳው አይራቅብኝ ብለው ነው ሸክላ የገባው።

ከጎረቤት መሰላል ተዋሰች። ወደ ሽመና ዕቃዋም ሄዳ ለቢሁ ከምትሠራቸው ፎጣዎች ጠርዝ የሚገባውን ቀይ ክር አወጣችና በእጥፍ ገመደችው። መበለት ቀይ አትለብስም፤ ሠርታ ሌላውን ማልበስ ግን አልተከለከለችም።

ሬቦቲ ሲደርሱ ኒጆራ ማንጎው ላይ በተደገፈው መሰላል ጫፍ ነበረች።

"ምን ትሠሪያለሽ እዚያ ላይ?"

"እያሰርኩ ነው፣ አክስቴ። ደህና መጡ?"

"ልወስደው አይደል እንዴ የመጣሁት? ደግሞ ዛፍ ላይ የወጣች መበለት፤ መንደሩ ሁሉ እስኪያይሽ ነው?"

"አይተዋል። መሰላሉም የእነሱ ነው።"

ሬቦቲ ዙሪያቸውን ቃኙ። አጥሩ ላይ ሁለት ራሶች ዝቅ አሉ።

"አውርጂው፣ የኔ ልጅ። ነገር አታብዢ። ገና አልያዘም፣ አሁን ብትፈቺው ይነሳል።"

"አሁንማ ይነሳል። ይቺ ሥር ቅርፊቱን ከያዘች በኋላ ግን ቢላ ካልመጣ አይነሳም።"

"ወንድምሽን አነጋግሬዋለሁ። ከቢሁ በኋላ ሊወስድሽ ይመጣል።"

"ይምጣ። ለበዓሉ ይድረስልን፤ የሩዝ ቂጣ አበላዋለሁ። ሲመለስ ግን ብቻውን ነው።"

"ይሄ ቤት የማን መሰለሽ?"

"የእማማ ነው። ውጪ የሚሉኝ ከሆነ እሳቸው ይበሉኝ። እርስዎ ግን እንግዳ ነዎት፣ አክስቴ፤ ይቀመጡ፣ ሻይ አፈላለሁ።"

ሬቦቲ ፊታቸው ቀላ። "ፕሮቢና" ብለው ተጣሩ፣ "ነይ ውጪ፤ ምራትሽ የምትለውን ስሚ።"

በሩ ተከፈተ። ፕሮቢና ማንቆርቆሪያውን አፉ ድረስ ሞልተው ይዘው ወጡ። ኒጆራ መሰላሉን በሁለት እጇ ጨበጠች። እሳቸው ካሏት መውረድ ነው፤ ሻንጣዋ አልጋው ሥር ነው ያለው፣ ለመሙላትም ብዙ ጊዜ አይፈጅም።

ፕሮቢና ሬቦቲን አልፈው ማንጎው ድረስ መጡ፤ ቀና ብለውም ኮፖውን አዩት። ማንቆርቆሪያውን ከፍ አደረጉት። ኮፖው ከእጃቸው በላይ ነበር።

"አይደርስም" አሉ።

"አይደርስም፣ እማማ።"

"እንዳይደርስ ብለሽ ነው።"

"አዎ።"

ሬቦቲ "ሰማሽ?" አሉ። ፕሮቢና ዓይናቸውን ከላይ አላነሱም።

"ታዲያ እኔ ምን ላጠጣ?" አሉ። "በባዶ እጄ ልዋል?"

ኒጆራ አዘነችላቸው፤ ወርዳ ብታቅፋቸው ወደደች። ግን አልወረደችም።

"ዛፉን ያጠጡት። አሁን እሱ ነው የተሸከመው። እግሩ ሥር ያፍስሱ፤ ማንጎ የፈለጉትን ያህል ቢሰጡት ይችላል። የላዩን ለእኔ ይተዉልኝ።"

ፕሮቢና በዝግታ አጎነበሱና ውሃውን ማንጎው ሥር አፈሰሱት፤ የመጨረሻዋ ጠብታ እስክትወርድ ማንቆርቆሪያውን ዘቅዝቀው ጠበቁ። "ጠጣ፣ ልጄ" አሉ። ቀና ሲሉ ጉንጫቸው እርጥብ ነበር፤ አልጠረጉትም።

"በግራ በኩል ቋጠሮው ላልቷል" አሏት። "ነፋስ ሲመጣ ይጥለዋል። ድገሚበት።"

"እሺ፣ እማማ።"

ኒጆራ ክር ልታመጣ ወረደች። መንገዷ ላይ ባዶውን ሸክላ አነሳች፤ ውስጡን በመዳፏ ጠርጋ ለሬቦቲ በሁለት እጇ ሰጠቻቸው።

"ይኸው፣ አክስቴ፣ ባዶ እጅዎን አይሂዱ" አለች። "ደህና ሸክላ ነው።"

ከዚያ ቀዩን ክር በእጥፍ ገምዳ ተመልሳ መሰላሉን ወጣች።