ድመቲቱ የማን ናት?

ድመቲቱ ሻይ ቤቴ የገባችው የብረት ወጥመድ በኋላ እግሯ እየጎተተች ነው። ከአስፋልቱ ማዶ ካለው የቀበሌው መጋዘን ጀምሮ ደሟን አንጠባጥባለች። መጋዘን ይበሉት እንጂ የሟቹ ባሌ የኑርሁሴን ቤት ነው፤ አዋጁ ሲወጣ «ትርፍ ቤት» ተብሎ ተወሰደብኝ። በፊቱ ባለፍኩ ቁጥር ደሜ ይፈላል።

ወጥመዱን ስፈለቅቅ እጄን ቧጨረችኝ፤ እኔም ሰደብኳት። እየተጣላን እግሯን በጨው ውሃ አጠብኩ፤ ሸንበቆ ሰንጥቄ በአሮጌ ሻሼ ቅዳጅ ጠግኜ አሰርኩላት። ጉበት ስሰጣት በላች፤ ላሻሻት ስል ግን ነከሰችኝ። የሰው እጅ የለመደች አለመሆኗ ገባኝ፤ ለዚሁ ወደድኳት። ስም እንኳ አላወጣሁላትም፤ እንደማንኛዋም ድመት «ውሮ» እላታለሁ።

በማግስቱ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ወንድሙ መጣ። ከጓሮዬ ፓፓያ እየሰረቀ ያደገ ልጅ ነው፤ አሁን ካኪ ለብሶ ስለ ድመት ደንብ ያነብልኛል። ወጥመዱ የቀበሌው ነው፣ የተያዘችውም በቀበሌው ግቢ ነው፣ አይጥ ስንዴውን ስለፈጀው እግሯ ሲድን መጋዘኑ ውስጥ ትታሰራለች አለኝ። በከተማችን በመርሳ እህል ባለበት ሁሉ ድመት አንገቷ በሲባጎ ከጆንያ አጠገብ ታስሮ እንደምትኖር አውቃለሁ። የኔ ናት አልኩት። የርስዎ ከሆነች ይሰሯት፣ ልቅ ሆና ካየኋት የቀበሌው ናት ብሎኝ ሄደ።

ከእስር ላድናት ብዬ እኔው አሰርኳት። ሸንበቆውን ስፈታላት እግሯ ጠንክሯል፤ ታነክሳለች እንጂ ትሮጣለች። የምትሮጥበት ግን የለም። ቀኑን ሙሉ በሩን ስታይ ትውላለች። ወደ ወልድያ የሚሄድ የጭነት መኪና ባለፈ ቁጥር ትነሳለች፤ ገመዱ አንገቷን ይይዛታል፤ ተመልሳ ትቀመጣለች። ጉበቱን ትታ ገመዱን ማኘክ ጀመረች። አጥንቷ ሲወጣ ሳይ በወንድሙ ተናደድኩ፣ ከዚያም በራሴ። ቤቴን የተነጠቅኩ ሴት የሌላውን አንገት አስሬ ሻይ እቀዳለሁ። ወላሂ፣ ሻዩ እራሱ አስጠላኝ።

ወንድሙ ያየው የእግሯን መዳን ብቻ ነው። እሑድ ለስብሰባ ስመጣ በጆንያ ከትቼ እንዳመጣት፣ የኔም ብትሆን ለሕዝቡ አርአያ የሚሆን መዋጮ እንደምትባል በመጋዘኑ ዘበኛ በገበየሁ ላከብኝ። ጆንያው ለምን እንደሆነ ማንም ያውቃል፤ ድመት ከቤት ወደ ቤት ስትዛወር መንገዱን ካየች ተመልሳ ትመጣለች ይባላል።

እሑድ ዕለት በእቅፌ ይዣት ወጣሁ። ቀስ ብዬ ነው የሄድኩት። አስፋልቱን አሳየኋት፣ የማንጎውን ዛፍ፣ የመስጊዱን አጥር፣ ወደ ወንዙ የሚወርደውን መንገድ። ገበየሁ በር ላይ ተቀብሎኝ ጆንያው የታለ ሲለኝ፣ ቀዳዳ ነው አልኩት።

ስብሰባው መጋዘኑ ደጃፍ ላይ ነው። ወንድሙ ስሜን ጠርቶ አስጨበጨበልኝ። ሰው እያጨበጨበ መቀሴን አወጣሁና ገመዱን ከአንገቷ ላይ ቆረጥኩት። ድመቲቱ ትከሻዬን ረግጣ አጥሩ ላይ ወጣች። ነገሩ ያልገባቸው ማጨብጨባቸውን ቀጠሉ።

«እትዬ ሁሪያ፣ የኔ ናት ብለውኝ አልነበር?» አለ ወንድሙ።

«ዋሽቼሃለሁ። የኔ አይደለችም።»

«እንግዲያው የቀበሌው ናት።»

«ያንተም አይደለችም። የራሷ ናት።»

በዚያ ዘመን መሬቱም፣ ቤቱም፣ እህሉም የሰፊው ሕዝብ ነው ይባል ነበር፤ ቁልፉ ግን ወንድሙ ኪስ ውስጥ ነው። የራስ የሚባል ነገር በስብሰባ ላይ ሲጠራ ሰምተን አናውቅም። ፊቱ ጠቆረ፤ የቀበሌ ንብረት አስመልጠዋልና ይታሰራሉ አለኝ።

«እሰረኝ» አልኩት። «ግን እወቀው፣ እኔ አይጥ አልይዝም።»

መጀመሪያ የሳቀው ገበየሁ ነው። ከዚያ ሴቶቹ፣ ከዚያ ሁሉም። ወንድሙ ሳቁን ማሰር ቢያቅተው እኔን አሰረ።

ሌላ ክፍል ስላልነበረ መጋዘኑ ውስጥ ቆለፈብኝ፤ በገዛ ቤቴ። ኑርሁሴን በእጁ የመረገውን ግድግዳ ተደግፌ ስንዴው ላይ ተቀመጥኩ። አይጦቹ በዙሪያዬ እህሉን ይከረትፋሉ። አንዱንም እሽ አላልኩ።

ውጭ ጎረቤቴ በላይነሽና ሌሎቹ ሴቶች ሁሪያ ሳትወጣ አንሄድም ብለው ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ነበር። ወንድሙ ቢቆጣም አልተነሱ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ገበየሁ በሩን ከፍቶ ውጡ አለኝ።

ቤቴ ስደርስ ድመቲቱ አጥሬ ላይ ቁጭ ብላለች። መንገዱን አይታለቻ። በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩና «ውሮ» አልኳት። አየችኝ። የተጣመመ እግሯን ላሰች፣ ከአጥሩ ወረደች፣ እያነከሰች ወደ ወንዙ የሚወርደውን መንገድ ያዘች።

እኔ ነኝ ያሳየኋት።