ሰማያዊዎቹ ዝንቦች

ለሊሴ የዝንቦቹን ብልቃጥ ወደ መስኮቱ አዙራ እንዳየች ክው ብላ ቀረች። የፍራፍሬ ዝንብ አንጀት ከሰው አንጀት ጋር ስለሚመሳሰል፣ ለጥናቷ ሰማያዊ ቀለም የገባበት ምግብ ታበላቸዋለች። አንጀቱ ጤነኛ ከሆነ ቀለሙ ሆዱ ውስጥ ይቀራል፤ አንጀቱ የተበሳ ዝንብ ግን እስከ ጭንቅላቱ ሰማያዊ ይሆናል። እነዚህ ሁሉም ሰማያዊ ሆነዋል። ምግባቸው ላይ ጣል ያደረገችው ደግሞ፣ ጥሬ ሥጋ ወዳዱ አባቷ በዳዳ ከእንጦጦ ያስመጣውን ኮሶ ነው።

ዛሬ ጠዋት በባዶ ሆዱ ሊጠጣው በጥብጦ አሳድሮታል!

ብትደውል ኔትወርክ የለም። የካ ሚካኤል ወላጆቿ ቤት እስክትደርስ ታክሲው የሚዳህ መሰላት።

በሩን የከፈተችላት እናቷ ሙሉነሽ ናት፤ ነጠላዋን ሆዷ ላይ ጥብቅ አድርጋ አስራለች።

«አባትሽ ጓዳ ነው» አለች፣ ግድግዳውን ተደግፋ። «የኮሶ ቀን ነው፤ ሰው እንዳይገባብኝ ብሏል።»

«እኔም ሰው ሆንኩ?» ብላ ለሊሴ የጓዳውን በር በርግዳ ገባች። በዳዳ አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ ሬዲዮ ያዳምጣል።

«አባዬ፣ ጠጣኸው እንዴ?»

እንደ ሕፃን አፈረ። «ሽታው አንገሸገሸኝ። ለሰው እንዳትነግሪብኝ እንጂ አልጠጣሁትም።»

ለሊሴ አጠገቡ ዘፍ አለች፣ ሳቋም መጣ። «እና ደፋኸው?»

«መድኃኒት ይደፋል እንዴ? እናትሽ ጠጣችው።»

ከበሩ ወዲያ ነጠላ ከግድግዳ ጋር ሲፋተግ ተሰማ፤ ቀስ እያለ፣ ወደ ታች።