ጆሮው የተሸረፈ ውሻ

ምን ጉድ ነው የሠራሁት!

እዚህ ፕሎየሽት ከተማ፣ በኛ ሕንጻ፣ ቢብሎ የምንለውን የመደርደሪያ ጌጥ የሚገዛ ሰው የለም፤ ቢብሎ ይዞራል። ስምሽን የወሰድሽበት ቅዱስ በሚከበርበት በስምሽ ቀን የመጣልሽን የሸክላ ዳንሰኛ ለሴቶች ቀን ለልጅሽ አስተማሪ ትሰጫለሽ፤ እሷ ለሐኪሟ ትሰጣለች። መደርደሪያ ላይ አቧራ ለሚጠጣ ጌጥ ገንዘብ የሚያወጣ ሞኝ ነው። በዚህ ብልጠት እኔን የሚስተካከል አልነበረም።

ትናንት የስሜ ቀን ነበር። ጎረቤቴ አውሪካ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዛ ስትገባ ሳቄ አመለጠኝ።

«ደግሞ ይሄ የማን ትራፊ ነው?»

«ዝም ብለሽ ተቀበይ! ካልወደድሽው መንገዱን ታውቂዋለሽ።»

ፈታሁት። ነጭ የሸክላ ውሻ፣ ግራ ጆሮው የተሸረፈ። ክው ብዬ ቀረሁ። የዛሬ ሦስት ዓመት ለገና እናቴ የሰጠችኝ ውሻ ነው። ያኔ የምትኖረው ወንድሜ ኮስቴል ቤት ነበር፤ ሚስቱ ለአፍታ እንኳ ብቻችንን አትተወንም። እኔም ውሻውን ለሴቶች ቀን ለልጄ አስተማሪ ሰጥቼ ተገላገልኩት። ከዚያ በኋላ እማዬ ደወለችልኝ።

«ሳንዳዬ፣ ውሻውን ታጥቢዋለሽ?»

«ቅዳሜ ቅዳሜ፣ እማዬ። ቴሌቪዥኑ ላይ ነው ያለው።»

«ከሥሩም ታጥቢዋለሽ?»

«ከሥሩም! ምን ነካሽ ዛሬ?»

«እንዲያው ነው፣ ልጄ» ብላ ዘጋችው። ሁለተኛ አልጠየቀችኝም። የዚያው ዓመት ፋሲካ ሳይደርስ ሞተች።

አውሪካን ከሸኘሁ በኋላ፣ ከእንግዲህስ ከቤቴ አይወጣም ብዬ ውሻውን ላጥበው ወደ ቧንቧ ወሰድኩት። ውሃውን ከፍቼ ገለበጥኩት። ሆዱ ሥር ባለችው ቀዳዳ ወረቀት ተወትፎባታል። ስንት ቤት ሲዞር አንድም ሰው ገልብጦ አላየውም። በፀጉር መርፌ ጎትቼ አወጣሁት። የእማዬ እጅ ጽሑፍ ነው።

«ሳንዳዬ፣ ቀን ቀን በር ይቆልፉብኛል። መድኃኒቴንም ከልክለውኛል። በስልክ እንዳታነሺው፣ ይሰሙናል። እባክሽ ነይና ውሰጂኝ።»

ቧንቧውን መዝጋት አቃተኝ። ከሥሩም አጥበዋለሁ ብያታለሁ እኮ፤ በገዛ አፌ!

እናቴ አንብቤ የተውኳት መስሏት ሞተች።