ሰባ ሁለት ነጥብና አንዲት ልጅ

አመዩ ከነጥብ ሌላ ወሬ ካጣ ዓመት ሊሞላው ነው። ቁርስ ላይ ነጥብ፣ ምሳ ላይ ነጥብ፣ ጥርሱን ሲፍቅ እንኳ መፋቂያውን ከአፉ አውጥቶ ሚስቱን «ሮሜ፣ ፈረንሳይኛ ብጨምርበት እኮ ሌላ ሦስት ነጥብ ነው!» ይላል። ካናዳ ሰው የምትቀበለው በነጥብ ነው፤ ለዕድሜ ይህን ያህል፣ ለትምህርት ይህን ያህል፣ ለሙያ ይህን ያህል። ሰባ የሞላለት ይገባል፣ ስልሳ ዘጠኝ ያለው አገሩ ይቀመጣል። እነሱ ሰባ ሁለት ሞልቶላቸዋል። ታዲያ ሰውዬው መች አርፎ ይቀመጣል! ከአምቦ ገበያ ሽፋኑ የተገነጠለ የፈረንሳይኛ መጽሐፍ ገዝቶ፣ ቀን በውሃ መሐንዲስነቱ ለገበሬ ጉድጓድ ሲያስቆፍር ይውልና ማታ «ቦንዡር መዳም» እያለ ሚስቱን ያደነቁራል።

ነጥቡን ያስገኘችው ግን ሚስቲቱ ነበረች። ሮማነወርቅ የአዲስ ዓለም ልጅ ናት፤ አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ አምቦ ላይ አዋላጅ ነርስ ሆና የከተማውንም የገጠሩንም ሕፃን ተቀብላለች። ገበያ ስትወጣ «ሲስተር፣ ልጅሽ እኮ አደገልሽ!» እያሉ የሚያስቆሟት እናቶች አያስኬዷትም። ካናዳ የፈለገችው እንዲህ ያለውን ሙያ ነው። አመልካቿ እሷ፣ አመዩ ደግሞ ከሥሯ የተመዘገበ ባል። መሐንዲሱ ይህ ሲነሳበት ይስቃል እንጂ ደስ አይለውም።

በዚያ በሰማንያ ሁለት ዓመተ ምሕረት ደግሞ አርፎ የተኛ ሰው የለም። ከምትሠራበት ሆስፒታል ሁለት ነርሶች ወደ ሰሜን ግንባር ተልከዋል፤ ሦስተኛዋ እሷ እንደሆነች ዝርዝሩን ያየ ሰው ሹክ ብሏታል። ከዚያ ወዲህ እግሯ አላርፍ አለ። ድስት ጥዳ ትወጣለች፣ በር ቆልፋ ከመንገድ ተመልሳ ትነካካዋለች፣ ፖስታ ቤት እየሄደች ባዶውን ሳጥን ከፍታ ትዘጋለች። አንድ ልጅ ነው ያላት፣ የዘጠኝ ዓመቷ ዱሬቲ። እሷን ጥሎ ግንባር? ኧረ በማርያም!

የኤምባሲው ደብዳቤ ግንቦት ላይ መጣ። አመዩ ከፖስታ ቤት ሮጦ ገብቶ እዚያው በር ላይ ቀደደው። አነበበ፤ ደግሞ አነበበ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ምን ይላል?»

«ራስሽ አንብቢው።»

ደብዳቤው አጭር ነው። በማመልከቻው ቅጽ ላይ ዱሬቲ አመልካቿ የወለደቻት ልጅ ተብላ ተሞልታለች። በሕክምና ምርመራው ካርድ ላይ ግን አመልካቿ ወልዳ እንደማታውቅ ተጽፏል። በስልሳ ቀን ውስጥ ይብራራ፤ ልጅቱ በጉዲፈቻ የመጣች ከሆነች የፍርድ ቤት ማስረጃ ይቅረብ። ካልቀረበ ፋይሉ ይዘጋል።

«ሐኪሙን ምን ነበር ያልሽው?»

«ስንት ጊዜ ወልደሻል አለኝ፤ አንድም ጊዜ አልኩት። ምን ልበለው ታዲያ? ያንን ካርድ ለስንት ሴት ስሞላ ኖሬ፣ ለሐኪም የዋሸች እናት አልጋ ላይ ምን እንደምትሆን እያየሁ ኖሬ፣ እኔው ልዋሽ?»

«ቅጹ ላይስ ለምን ወለድኳት ብለሽ ሞላሽ?»

«ልጄ አይደለችም ብዬ ልሙላ?»

አመዩ ደብዳቤውን አጥፎ ኪሱ ከተተ። እሱም ቅጹን አሥር ጊዜ አንብቦታል፤ ነጥብ ሲደምር የከረመ ዓይኑ ግን እዚያች መስመር ላይ ለአፍታ አልቆመም። ዱሬቲ ልጃቸው ናት። ልጅ ነው ተብሎ ይጻፋል እንጂ ሌላ ምን ይጻፋል?

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለቱ ከተጋቡ በኋላ አምስት ዓመት ልጅ አጡ። የአመዩ ታላቅ ወንድም ጉታ እንጭኒ ገጠር የሚኖር ገበሬ ነው፤ ሚስቱ ወርቅቱ አምስተኛ ልጇን ስታምጥ ሄዳ ያዋለደቻት ራሷ ሮማነወርቅ ነበረች። ሕፃኗን አጥባ፣ ጠቅልላ ልትሰጣት ስትል ወርቅቱ እጇን ሳትዘረጋ «ያንቺው ናት፣ ያዣት» አለቻት። እንደ አገሩ ልማድ ሽማግሌ ተቀመጠ፣ ጉዲፈቻ ተፈጸመ። ጉታና ወርቅቱ «ይህችን ልጅ ወለድኩ ብዬ ብናገር ምድር አትቀበለኝ» ብለው ማሉ። ሽማግሌዎቹ መረቁ፣ አበቃ።

አበቃ ሲባል የእውነት አበቃ። ወርቅቱ በዓመት በዓል አምቦ ስትመጣ ዱሬቲን እንደ ማንኛዋም የዘመድ ልጅ በጉንጯ ነካ አድርጋ ታልፋለች፤ አንድ ቀን እንኳ አስበልጣ ስማት አታውቅም። ሮማነወርቅም አለማማጧን ካልጠየቋት አታስታውሰውም። ማን ወለዳት የሚለውን ማንሳት ለእነዚህ ሰዎች ነውር ብቻ አይደለም፤ መሐላ ማፍረስ ነው።

«አንድ ሌላ መንገድ አለ» አለ አመዩ በሦስተኛው ቀን፣ ዓይኗን ሳያይ። «ነጥባችን ያለ እሷም ይሞላል። ለጊዜው እንጭኒ ትቆይና፣ እኛ ገብተን ከተደላደልን በኋላ…»

«ጨረስክ?»

«ሮሜ፣ ላስረዳሽ…»

«ሁለተኛ እንዳትደግማት! ሰባ ሁለት ነጥብህን ታቅፈህ መሄድ ትችላለህ። ለነገሩ ነጥቡም የኔ ነው!»

አመዩ አንገቱን ደፋ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ስሟ ያለበት የግንባር ዝርዝር ሌሊት ሌሊት የሚታየው እሱን ነው። በማግስቱ ጉታና ወርቅቱ ፍርድ ቤት ቀርበው እንዲመሰክሩ ሊለምን እንጭኒ ሄዶ ሁለት ቀን ቆይቶ ተመለሰ። ጉታ ሽማግሌዎቹን ጠይቆ፣ ለሕግ ሲሆን መናገር ይቻላል ብለውት፣ እሺ ብሏል።

«እትዬ ወርቅቱስ?»

«ዝም አለች። ዝምታ እሺታ ነው።»

«እሱ ለእናንተ ለወንዶቹ ነው» አለች ሮማነወርቅ።

የፍርድ ቤቱ ቀጠሮ ተጓትቶ ተጓትቶ ሃምሳ ስምንተኛው ቀን ላይ ዋለ። ዳኛው ደግሞ ልጅቱም ትቅረብ አሉ። ይኼ ነው እንግዲህ የከበደው! ዘጠኝ ዓመት ደብቀው የያዙትን ነገር ዱሬቲ በችሎት ልትሰማው ነው። ሮማነወርቅ እኔው ራሴ ቀድሜ እነግራታለሁ ብላ ቆረጠች። የቀጠሮው ዕለት ጠዋት አመዩን አስቀድማ፣ የዱሬቲን እጅ ይዛ የሁሉቃን ወንዝ ድልድይ ተሻገረች። ዱሬቲ ለፓስፖርት ነው ስለተባለች የትምህርት ቤት ጫማዋን ወልውላ፣ እየዘለለች ትሄዳለች።

«ዱሬቲ።»

«አቤት እማ።»

«አንድ ነገር ልነግርሽ ነበር።»

ልጅቱ ቀና ብላ አየቻት። ሮማነወርቅ ዓይኗን ወደ ልጅቱ እግር መለሰች።

«ካልሲሽን ሳቢው፣ ወርዷል» አለቻት።

ጉታና ወርቅቱ ከእንጭኒ ዋዜማውን መጥተው ዘመድ ቤት አድረዋል። የፍርድ ቤቱ ደጅ ላይ ቆመው አገኟቸው። «አካም ቡልቴ» እያሉ በኦሮምኛ እንደምን አደራችሁ ተባብለው ገና እጅ ሳይለቃቀቁ ወርቅቱ አመዩን ወደ ጎን ሳበችው።

«እስቲ አስረዳኝ። ይህ ዳኛ የሚፈልገው ምንድን ነው?»

አመዩ ሰዓቱን ያያል፣ የችሎቱን በር ያያል። «ካናዳዎቹ እኮ ልጅቱ የእናንተ ስለመሆኗ ማስረጃ ከሌላችሁ ይዛችኋት አትገቡም አሉን። ዳኛው ይጠይቅሻል፣ አንቺ እውነቱን መመለስ ነው። በቃ፣ ይኸው ነው፣ እንግባ!»

ወርቅቱ ራሷን ነቀነቀች። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ይባላል፤ እሱ ግን ማፍሰሱንም ገና አላወቀም።

ዳኛው መነጽራቸው አፍንጫቸው ጫፍ ላይ የሚቀመጥ፣ ጉንፋን የያዛቸው ሽማግሌ ናቸው። ማመልከቻውን አገላብጠው አዩና «መጀመሪያ ወላጅ እናት ትናገር» አሉ። ወርቅቱ ተነሳች። ነጠላዋን አስተካክላ፣ እጇን አጣምራ ቆመች። ዱሬቲ ከሮማነወርቅ ጎን ተቀምጣ እግሯን ታወዛውዛለች።

«ወይዘሮ ወርቅቱ፣ ይህችን ልጅ የወለድሽ አንቺ ነሽ?»

«አይደለሁም» አለች ወርቅቱ።

ጸሐፊው ብዕሩን አነሳ። አመዩ ከመቀመጫው ብድግ ሊል ሲል ጉታ በክንዱ ያዘው።

«ጥያቄው ገብቶሻል? በኦሮምኛ ይተርጎምልሽ?»

«አማርኛ እሰማለሁ ጌታዬ። የወለድኩት አራት ነው፤ አራቱም እንጭኒ አሉ። ይህች የሮሜ ልጅ ናት። የሮሜና የአመዩ። ማንም መጥቶ ቢጠይቀኝ የምለው ይህንኑ ነው።»

ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁ። «አባትየው ምን ይላል?»

ጉታ ቆቡን በእጁ አዙሮ አዙሮ ሚስቱን አየ። ትናንት ማታ ያጠናው ቃል ሁሉ ጠፋበት። «ሚስቴ ያለችውን ሰምተውታል» ብሎ ተቀመጠ።

«እንግዲያ ለምን መጣችሁ? ወይዘሮ ሮማነወርቅ፣ አመልካቿ እርስዎ ነዎት። ሴትዮዋ አልወለድኳትም ትላለች። እርስዎ ምን ይላሉ?»

ሮማነወርቅ ቆመች። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ነው፤ ክቡር ዳኛ፣ እሷው ናት የወለደቻት፣ በዚህ በሁለት እጄ ነው የተቀበልኳት። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። ካናዳ እዚያች ላይ አለች፣ ሰሜን ግንባርም እዚያች ላይ አለ። ከኋላዋ የአመዩን ትንፋሽ ትሰማለች፤ «በይ እንጂ፣ በይ» የሚል ትንፋሽ። ወርቅቱ ደግሞ ፊት ለፊቷ እንደ ማገር ቀጥ ብላ ቆማለች። ያቺ ሴት በሕፃኗ ፊት ዓይኗን ሳታርገበግብ ልጄ አይደለችም ብላለች። አሁን ይህን አስተባብላ፣ ያውም ዱሬቲ እየሰማች፣ እንዴት አድርጋ ውሸታም ትበላት? የልጅቱ እጅ ቀሚሷን ሲጎትተው ተሰማት።

«እማ፣ ምንድን ነው የሚሉት?»

«እውነቷን ነው ጌታዬ» አለች ሮማነወርቅ። «ልጄ ናት።»

ዳኛው አቤቱታው ተዘግቷል ብለው ለጸሐፊው ተናገሩና ቀጣዩን መዝገብ ጠሩ። አመዩ ማንንም ሳያይ ቀድሞ ወጣ። ሌሎቹ ሲደርሱ ግቢው ውስጥ ጀርባውን ሰጥቶ፣ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጭኖ ቆሟል። ጉታ ወደ እሱ ሄደ። ዱሬቲ የተወለወለ ጫማዋን ጭቃ እንዳይነካባት ድንጋይ ላይ ወጥታለች።

ሮማነወርቅ አጥሩን ተደገፈች። ልቆጣ ብትል ቁጣ አልመጣላት አለ፤ ላልቅስ ብትል ልጅቱ ታያለች። ወርቅቱ ተጠጋቻት። ፊቷ በርቷል።

«እንዴት ፈርቼ ነበር መሰለሽ ሮሜ!» አለቻት ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ጉታ ሌሊቱን ሙሉ ወለድኳት በይ፣ እነሱን የሚጠቅማቸው እሱ ነው ይለኛል። ወንድ ምን ያውቃል! ወለድኳት ብል ዳኛው የሰው ልጅ ይዘው ባሕር ማዶ ሊሄዱ ነው ብሎ አይዛችሁም? አመዩ ራሱ ነገረኝ እኮ፣ የእናንተ ስለመሆኗ ማስረጃ ነው የጎደለው። ይኸው፣ በዳኛ ፊት መሰከርኩላችሁ። ከእንግዲህ ማንም አይወስድባችሁም። ሂዱ፣ መንገዱን ጨርቅ ያድርግላችሁ።»

ይህች ሴት ልጇን መጀመሪያ ለሮማነወርቅ ስትሰጥ ሕፃኗ የሰዓት ዕድሜ እንኳ አልነበራትም፤ ዛሬ ደግሞ ሁለተኛ፣ ዓይኗ እያየ፣ ለማታውቀው አገር ሰጠቻት። እና አሁን ምን ይባላታል? ስለመሰከርሽልን መሄዱ ቀረ ይባላል?

ወርቅቱ ዱሬቲ ወደቆመችበት ድንጋይ አየች።

«ከሄዳችሁ ወዲያ መተያየታችንን እንጃ። ሮሜ፣ ካላስቀየምኩሽ… አንድ ጊዜ አቅፌ ልሳማት?»

ሮማነወርቅ ዱሬቲን ጠራቻት። ልጅቱ እየዘለለች መጣች። ወርቅቱ በጉልበቷ ተንበረከከች፤ ዘጠኝ ዓመት በጉንጭ ብቻ ያለፈቻትን ልጅ አንገቷ ሥር ገብታ፣ አገጯን፣ ዓይኗን፣ እጇን አገላብጣ ሳመቻት። ዱሬቲ ግራ ተጋብታ እናቷን በወርቅቱ ትከሻ በኩል አየቻት።

«ሂጂ፣ በቃ» አለቻት ወርቅቱ፤ ክንዷ ግን አልለቀቀም። «መቼ ነው የምትሄዱት ሮሜ?»

«ገና ነው እትዬ ወርቅቱ» አለች ሮማነወርቅ። «ገና ነው። ሳሚያት።»